ሻንጣው ሞልቷል፤ ወረቀቱስ?

«እማዬ፣ ይሄን ካፖርት ለኪው እስቲ። እዚያ በረዶ ነው አሉ።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ነው በብርድ የምታስፈራሪው?»

በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በለንደን ባሉ የኢትዮጵያውያን ቤቶች ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ ይህን የመሰለ ወሬ ይሰማል። ልጆች ገንዘብ አዋጥተው፣ አንዳንዱም የዕቁብ ተራውን ጠብቆ፣ እናት አባቱን በመርከብ ወደ አላስካ ወይም ወደ ኖርዌይ ወስዶ ሊያዝናና ይነሳል። መርከቡ ይመረጣል፣ ካቢኑ ይያዛል፣ ከዚያ ሳምንታት የሚፈጅ የግዢ ዘመቻ ይከተላል። ወፍራም ጃኬት፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ ለእራት ግብዣው ቀሚስ፣ ለፎቶው ሐበሻ ልብስ። በመጨረሻ ሻንጣው አልዘጋ ብሎ ሁለት ሰው ይቀመጥበታል።

በዚህ ሁሉ ወከባ መካከል ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ጥያቄ አለ። እናት የሚሳፈሩት በየትኛው ፓስፖርትና በየትኛው ቪዛ ነው?

የቀዝቃዛ አገር የመርከብ ጉዞን የሚያበላሸው ብርድ አይደለም። ብርድ በአንድ ጃኬትና በሁለት ሹራብ ይመለሳል። ጉዞውን የሚያበላሸው፣ ሲብስም የሰው ኑሮ የሚያናጋው ወረቀት ነው። ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ተጓዡ ብቻ አይደለም። ወደቦቹን የሚመርጠውም ሆነ ገንዘቡን የሚሰበስበው የመርከብ ኩባንያ ነው፤ አደጋውን ግን በውሉ ጥግ በደቃቅ ፊደል ጽፎ ወደ ተሳፋሪው ያሻግረዋል።

▪️ ብርዱን ሐምሌ ያውቀዋል

መጀመሪያ የብርዱን ነገር እንደሚገባው አሳንሶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

«ሰመር» የሚለውን ቃል ብዙ ሰው «በጋ» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚህ ትርጉም የተዘጋጀ ሻንጣ ግን ተሳስቶ ይዘጋጃል። የሰሜኑ ዓለም «ሰመር» ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት የሚባለው ወቅት። ለአላስካም የሚስማማት ይኸው ክረምት የሚለው ቃል ነው። የአላስካ ዋና ከተማ የሆነችው ጁኖ በሐምሌ ቀን ላይ ሙቀቷ በአማካይ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል። የአዲስ አበባ ሐምሌ ቀን ላይ 20 ገደማ፣ ሌሊት ወደ 11 ነው። ኬቺካን የምትባለው ሌላዋ የአላስካ ወደብ ደግሞ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንብባታል፤ ይህም የአዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ያህላል።

ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የመጡት እናት ትክክል ናቸው። ለሐምሌ ዝናብ መልበስ የሚያውቅ ሰው ለአላስካም ያውቃል። የሚያስፈልገው ውሃ የማያስገባ ባለ ቆብ ጃኬት፣ ተደራርበው የሚለበሱ ሁለት የሱፍ ሹራቦች፣ ውሃ የማይገባው ጫማ፣ እንዲሁም በበረዶ ግግሩ አጠገብ ለሚታለፍበት ቀንና ዓሣ ነባሪ ለማየት በትንሽ ጀልባ ለሚወጣበት ቀን ኮፍያና ጓንት ነው። ጋቢ ለካቢን ወደር የለውም፤ ጥጥ ስለሆነ ግን ከበሰበሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ለሰገነት አይሆንም። ከኖርዌይ በላይ ወዳለው ወደ ስቫልባርድ የሚሄድ ሰው በሐምሌም ቢሆን በአማካይ ከ10 ዲግሪ በታች ይጠብቀዋልና አንድ ሹራብ ይጨምር። ብርዱ ይኸው ነው። ለዚህ ሦስት ሻንጣና የሁለት ወር ግዢ አያስፈልግም።

▪️ የ1886ቱ ሕግና የቪክቶሪያ ምሽት

አሁን ወደ ወረቀቱ።

ከሲያትል ተነስቶ አላስካን ዞሮ ወደ ሲያትል የሚመለስ መርከብ ለብዙ ሰው የአገር ውስጥ ጉዞ ይመስለዋል። ሲያትል አሜሪካ ናት፤ አላስካም አሜሪካ ናት። «ከአሜሪካ ሳንወጣ ነው የምንዝናናው» እየተባለ ይታቀዳል። የጉዞው መርሐ ግብር ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ትንሽ መስመር አለችው። ቪክቶሪያ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት። ካናዳ ናት።

መርከቡ እዚያ የሚቆመው የቪክቶሪያ አበባ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ1886 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የመንገደኞች መርከብ ሕግ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ መንገደኛን ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ከሞላ ጎደል በሙሉ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ፣ በቤርሙዳ፣ በማልታና በመሰል አገሮች ነው። ስለዚህ ከሲያትል ተነስተው ወደ ሲያትል ለመመለስ በመንገዳቸው አንድ የውጭ ወደብ መርገጥ አለባቸው። የቪክቶሪያ ምሽት ማለት ይህ ነው፤ ለኩባንያው የሕግ ግዴታ ማሟያ፣ ለተሳፋሪው ግን ዓለም አቀፍ ድንበር።

ያ ምሽት ሁሉንም ተሳፋሪ እኩል አይነካም።

የአሜሪካ ዜጋ የሆነውን አይነካውም። እንዲህ ባለ ዙሪያ ጉዞ የልደት ወይም የዜግነት የምስክር ወረቀቱን ከመታወቂያው ጋር ይዞ እንኳ መመለስ ይችላል። ታሞ ከካናዳ በአውሮፕላን መመለስ ግድ ቢሆንበት ግን ያለ ፓስፖርት ይቸገራል።

ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ የካናዳ ቪዛ አይጠየቅም። ይሁን እንጂ ካናዳ ከግሪን ካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈበት የአገሩን ፓስፖርት ትጠይቃለች። ስንቱ ሰው ነው ግሪን ካርዱን ካገኘ ወዲህ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ያላየው? ቀኑ ካለፈ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ካፖርት ከመግዛት በፊት መከፈት ያለበት ያ መሳቢያ ነው።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በጎብኚ ቪዛ የመጡ እናት የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ወደ አሜሪካ መመለሱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ በመደበኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ሦስት ወር ብቻ የሚቆይ አድርጎታል። ለአጭር ጊዜ ካናዳ ደርሶ በ30 ቀን ውስጥ መመለስን የሚፈቅድ ደንብ መኖሩ እውነት ነው። ደንቡ ግን የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም ድንበር ላይ ያለው መኮንን ነው። የሕግ ባለሙያ ሳይጠይቁ በዚህ ተማምኖ እናትን መርከብ ላይ ማሳፈር ቁማር ነው።

ከሁሉ የከፋው የጥገኝነት ጠያቂው ነው። ማመልከቻው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው «አድቫንስ ፓሮል» የሚባለውን የቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ፣ ሕጉ ማመልከቻውን እንደተወው ይገምታል። ዓመታት የጠበቀበት ፋይል፣ ለጠበቃ የከፈለው ገንዘብ፣ ቀጠሮ እየቆጠረ ያሳለፈው ሌሊት ሁሉ በአንድ የቪክቶሪያ ምሽት አደጋ ላይ ይወድቃል። «ከመርከቡ አልወርድም» ማለትም መተማመኛ አይሆንም። መርከቡ ካናዳ ከገባ ተሳፋሪው ከአሜሪካ ወጥቷል።

አንድ መርከብ፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ የእራት ጠረጴዛ። አንዱ ተሳፋሪ የሚያስበው ስለ ጓንቱ ቀለም ነው፤ ሌላው ሳያውቀው ኑሮውን አስይዟል።

▪️ በአውሮፓ በኩል ደግሞ

«እኛ ለንደን ነን፤ የአላስካው ጉዳይ አይመለከተንም» የሚል ካለ የኖርዌይን ጉዞ ይመልከት።

የብሪታንያ መኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ፓስፖርቱ ግን የኢትዮጵያ የሆነ ሰው ከሳውዝሃምፕተን በሚነሳ መርከብ ኖርዌይን፣ አይስላንድንና ግሪንላንድን ሊጎበኝ ያስባል እንበል። ኖርዌይና አይስላንድ በሼንገን ቪዛ ይገባባቸዋል። ብሪታንያ ከሼንገን ውጪ ናት። ግሪንላንድና የፋሮ ደሴቶች የዴንማርክ መንግሥት አካል ቢሆኑም ሼንገን ውስጥ የሉም፤ ለእነሱም እንደሚያገለግል ቪዛው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ስቫልባርድ ደግሞ ከሁሉ የተለየች ናት። ራሷ ቪዛ አትጠይቅም፤ የኖርዌይ ግዛት ሆና ሳለ ግን ከሼንገን ውጪ ስለሆነች ከትሮምሶ ተነስቶ እዚያ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እንደገባ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ጉዞ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ይፈልጋል።

ይህ ዓይነቱ ቪዛ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ተዘግቷል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን በመደበኛው ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ አይሰጥም፤ የማመልከቻው መታያ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። የተሰጠው ምክንያት የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ሁለት መንግሥታት ተጣሉ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ለእናቱ የበረዶ ተራራ ሊያሳይ ያሰበው ሰው ሆነ። በአንድ የጓዝ ዝርዝር ላይ እንኳ ይህ አይጻፍም። እዚያ ያለው «የፀሐይ መነጽር አይርሱ» የሚል ምክር ነው።

▪️ መርከቡ ዜግነቱን መርጧል

የነገሩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ሮያል ካሪቢያን ዋና መሥሪያ ቤቱ ማያሚ ሆኖ የተቋቋመው በላይቤሪያ ሕግ ነው። ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይንም ማያሚ ተቀምጦ የቤርሙዳ ኩባንያ ነው። መርከቦቻቸው የሚያውለበልቡትን ባንዲራ የሚመርጡት ግብሩን፣ የሠራተኛ ሕጉንና ወጪውን አስልተው ነው። ይህ ሕገ ወጥ አይደለም። ግን ትርጉሙን ማየት ይገባል። መርከቡ ዜግነቱን በጥቅሙ መርጧል፤ ተሳፋሪው ግን ዜግነቱን ይዞት ተወለደ። መርከቡ የውጭ ባንዲራ በመምረጡ ምክንያት ካናዳን መርገጥ ግዴታ ሆነበት። የዚያን ግዴታ ቅጣት የሚሸከመው ግን ደካማ ፓስፖርት የያዘው ተሳፋሪ ነው።

«ሕግ ነው፤ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚል መልስ ይሰጣል። የ2021ን ታሪክ ማስታወስ ለዚህ በቂ ምላሽ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ካናዳ ወደቦቿን ለትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ዘግታ ነበር፤ በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. እገዳውን አራዘመችው። የ1886ቱ ሕግ ባለበት የአላስካ ወቅት ሊከስር ሆነ። ምን ተደረገ? የአሜሪካ ኮንግረስ መርከቦቹ ካናዳን ሳይረግጡ እንዲጓዙ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በግንቦት ፈረሙበት፤ በሐምሌ መርከቦች ከሲያትል ወደ አላስካ ቀዘፉ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ በሦስት ወር ውስጥ መንገድ ተገኘለት። የአላስካ የወደብ ከተሞች ኑሮ በዚያ ላይ የተመሠረተ ስለነበር መደረጉ ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አስተምሯል። የኩባንያውና የከተማው ገቢ አደጋ ላይ ሲወድቅ «ሕግ ነው» የሚለው መልስ የመጨረሻ አልነበረም።

ከዚህ አንጻር ከኩባንያዎቹ የሚጠየቀው ኢምንት ነው። ማንም ሕግ አስቀይሩ አላላቸውም። ሦስት ነገር ብቻ ያድርጉ።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት የተሳፋሪውን ዜግነትና የመኖሪያ ሁኔታ ጠይቀው በየወደቡ የሚያስፈልገውን ቪዛ በግልጽ ያሳዩ። ዛሬ ዜግነት ቢጠየቅ እንኳ ቅጽ ለመሙላት እንጂ ተሳፋሪውን ለማስጠንቀቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከሲያትል የሚነሳውን የአላስካ ጉዞ ሲያስተዋውቁ «ይህ ጉዞ ከአሜሪካ ይወጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ዋጋው በትልቁ ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ሳይነገረው የከፈለ ሰው በወረቀት ምክንያት ወደብ ላይ ከተመለሰ ገንዘቡን ይመልሱለት። አሁን ያለው የጉዞ ውል የሰነድ ኃላፊነትን በሙሉ በተሳፋሪው ላይ ይጥላል፤ ሰነድ ጎድሎት የቀረ ሰው ተመላሽ የለውም። የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስም ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት ብዙውን ጊዜ አይከፍልም።

«ኩባንያ የቪዛ ቢሮ አይደለም» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ማንም ቪዛ ስጡ አላላቸውም። የሚያውቁትን ይናገሩ ነው የተባለው። እነዚሁ ኩባንያዎች ከፊሊፒንስ፣ ከህንድና ከኢንዶኔዥያ ለሚያመጧቸው በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች የትኛው ዜጋ ለየትኛው ወደብ ምን ቪዛ እንደሚያስፈልገው ያውቃሉ፤ ካላወቁ መርከቡ አይንቀሳቀስምና። የተሳፋሪውንም ዝርዝር ከነዜግነቱ ለድንበር ባለሥልጣናት አስቀድመው ይልካሉ። አየር መንገዶች ታይማቲክ በሚባለው የዓለም አቀፉ አየር ትራንስፖርት ማኅበር ሥርዓት የእያንዳንዱን መንገደኛ ሰነድ መስፈርት ያጣራሉ። ዕውቀቱም መሣሪያውም አለ። የጎደለው ከክፍያ በፊት የመናገር ፍላጎት ነው።

«ይህ የቅንጦት ጉዳይ ነው፤ አገር በስንት ችግር ተይዞ ስለ መርከብ ሽርሽር ይወራል?» የሚልም ይኖራል። ቅንጦቱ ለማን ነው? ሌሊት ሆስፒታል አዳሪ ሆና የሠራች ነርስ፣ ታክሲ የነዳ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ለልጅ የኖሩ እናት ናቸው የሚሳፈሩት። የስንት ዓመት ቁጠባ ነው። ደግሞም ዛሬ በመርከብ ላይ የታየው ነገ በቀብር፣ በሠርግ፣ በሕክምና ጉዞ ላይ ይታያል። የፓስፖርት ድካም የትም ቦታ ያው ነው።

▪️ የቤቱም ጥፋት አለ

ኩባንያ ተወቀሰ ማለት ቤተሰብ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም።

ትኬት የቆረጠው ሰው «ችግር የለም፣ ባለፈው እነ እገሌ ሄደው የለ» ስላለ ይታመናል። እነ እገሌ ግን ዜጎች ነበሩ። አሜሪካ የተወለደ የሥራ ባልደረባ «እኔ በልደት ካርድ ነው የሄድኩት» ስላለ ለእናትም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። «ስንደርስ ይታያል» የሚባል ነገርም አለ። በዚህ ጉዞ ስንደርስ የሚታየው ወደብ ላይ ሻንጣውን ይዞ የቀረ ሰው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከወደብ መልስ የሚደረግ ስልክ ለጠበቃም ለኩባንያም ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ሻንጣ የሚሞላበት ቅደም ተከተል ይገልበጥ።

ከሁሉ በፊት ወረቀት። መጨረሻው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጉዞው በፊት ከ75 እስከ 120 ቀን ባለው ጊዜ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ መሰረዝ ያስቀጣል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ተጓዥ ፓስፖርት፣ ቪዛና የመኖሪያ ካርድ ከወደቦቹ ዝርዝር ጋር ተያይቶ ማለቅ ያለበት ከዚያ ቀን በፊት ነው። የጥገኝነት ፋይል ያለበት ሰው ጠበቃውን ሳያናግር አንድ ብር አይክፈል። ወረቀቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ትልልቁ ሻንጣ ወደብ ላይ ተሰብስቦ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ ፓስፖርቱን እሱ ውስጥ የከተተ ሰው መሳፈሪያው በር ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ ስም። የኢትዮጵያ ስም አጠራር ድንበር ላይ ጣጣ አለው። እናት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ እናትና ልጅ በፓስፖርት ላይ የማይዛመዱ ይመስላሉ። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ብቻ ልጅ ይዞ ከሄደ የልጁ የልደት ምስክር ወረቀትና የቀረው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ አብረው ይሂዱ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር።

ሦስተኛ መድኃኒት። ለጉዞው ቀናት የሚበቃና ለሳምንት የሚተርፍ፣ ከነመጠቅለያው፣ በእጅ ቦርሳ። የአሜሪካ ሜዲኬር በመርከብ ላይ ሕክምና የሚከፍለው መርከቡ የአሜሪካ ወደብ ላይ ወይም ከወደቡ ከስድስት ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ ሲሆን ነው፤ እሱም በቅድመ ሁኔታ። በጎብኚ ቪዛ የመጡ ወላጅ ደግሞ ይህም የላቸውም። ካፖርት በተገዛበት ገንዘብ በሽተኛ ከመርከብ የማንሳት ወጪን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ቢገዛ ይሻላል።

አራተኛ ምግብና እምነት። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፤ የጉዞው ወቅት መሃል ላይ ይወድቃል። የጾም ምግብ ወይም ሐላል የሚፈልግ ሰው ከሳምንታት በፊት ለኩባንያው ያሳውቅ እንጂ መርከብ ላይ ሆኖ አይለምን። ቡና ማፍያ ምድጃ፣ እጣን ማጨሻ፣ ካውያ በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ለእሳት አደጋ ሲባል ስለሚከለከሉ ፍተሻ ላይ ይወሰዳሉ፤ ጀበናው ቤት ይቆይ።

ልብስ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። እሱም ሐምሌን የሚያውቅ ሰው በአንድ ምሽት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

እናት ካፖርቱን ለክተው «ይበቃኛል» ብለው መስቀያው ላይ ይመልሱት። ልጅ ደግሞ ሌላ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ያንን መሳቢያ ትክፈት፣ ፓስፖርቱን ታውጣ፣ ቀኑን ታንብብ። ለኩባንያው ስትደውልም ስለ ካቢኑ መስኮት ከመጠየቋ በፊት «እናቴ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያላቸው፤ በየወደቡ ምን ያስፈልጋቸዋል? መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ» ትበል። ይህን ጥያቄ አንድ ሰው ሲጠይቅ ችላ ይባላል። ሺህ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሲጠይቅና መልስ ሳያገኝ ገንዘብ አልከፍልም ሲል ግን ደቃቁ ፊደል መተለቁ አይቀርም።

ለወላጆቹ ትኬት ሊቆርጥ ላሰበ ሁሉ ይድረስ።